ጦርን በባሕር ማሻገር፦ ቅፍለት ይሻላል ወይስ ቅብብሎሽ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ስለሆነ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በየተራ በሚካሄዱ የስልት ጨዋታዎች ውስጥ ጦርን በባሕር ማሻገር ነው። ጠያቂዎቻችን ሁሉ የሚጫወቱት ፊራክሲስ የተባለው ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ሲቪላይዜሽን 4 ሲሆን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቢዮንድ ዘ ሶርድ የተሰኘ ማስፋፊያም ጨምረውበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የመርከብ ፍጥነቶች፣ የጭነት መጠኖችና ደንቦች የዚህ ጨዋታ ናቸው። በሌሎቹ የሲቪላይዜሽን እትሞች ደንቡ ይለያያል፤ ለምሳሌ በአምስተኛው እትም እግረኛው ተገቢው ዕውቀት ከተገኘ በኋላ ያለ ማጓጓዣ መርከብ ራሱ ባሕር ስለሚገባ፣ እዚህ የምንለው አብዛኛው ነገር እዚያ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ከወደቤ እስከ ግንባሩ ከተማ ድረስ 12 ካሬ ባሕር አለ፤ ያሉኝ ጋሊዮኖች፣ ማለትም ጦር የሚያጓጉዙ መርከቦች፣ ደግሞ ሦስት ናቸው። አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ መርከቦቹን በአንድነት ከመላክ ይልቅ በባሕሩ ላይ ደርድሬ ጦሩን ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳቀባብል መከረኝ። እንዲህ ሲደረግ በተመሳሳይ መርከብ ብዙ ጦር ይሻገራል ይላል። እውነት ነውን?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ጓደኛዎ የመከሩዎት ዘዴ ጥሩ ነው፤ ያቀረቡት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። ቅብብሎሽ የሚሻገረውን ጦር ብዛት አይጨምርም። የሚለውጠው ጦሩ የሚደርስበትን ጊዜና በመንገድ ላይ የሚገጥመውን አደጋ ነው።

መጀመሪያ ቅብብሎሹ እንዴት እንደሚቻል እንይ። በሲቪላይዜሽን 4 ውስጥ መርከብ ሲንቀሳቀስ የሚቀነሰው የራሱ እርምጃ ብቻ ነው፤ በውስጡ የተጫነው ወታደር ምንም አይቀነስበትም። ሁለት መርከቦች በአንድ ካሬ ላይ ሲገናኙ ደግሞ ወታደሩን መርጠው የመጫኛውን ትእዛዝ ቢሰጡት፣ ባዶ ቦታ ወዳለው ሌላ መርከብ ያለ ምንም ወጪ ይዛወራል። ጋሊዮን በአንድ ተራ 4 ካሬ ይሄዳል፤ 3 የጦር አሃድም ይጭናል። እንግዲህ አንዱ ጋሊዮን በወደቡ፣ ሁለተኛው አራት ካሬ ርቆ፣ ሦስተኛው ስምንት ካሬ ርቆ ቆመዋል እንበል። የመጀመሪያው ሦስት አሃድ ጭኖ አራት ካሬ ይጓዝና ለሁለተኛው ያስረክባል። ሁለተኛው እርምጃው ገና ስላልተነካ ወዲያው አራት ካሬ ሄዶ ለሦስተኛው ያስረክባል፤ ሦስተኛውም በቀረው አራት ካሬ ከተማው ይገባል። ወታደሮቹ ያን ሁሉ ባሕር በአንድ ተራ ተሻገሩ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሦስቱ ጋሊዮኖች በቅፍለት፣ ማለትም ተያይዘው ቢጓዙ፣ በመጀመሪያው ተራ ተነሥተው በሦስተኛው ተራ 9 አሃድ ያራግፋሉ። ባዷቸውን ለመመለስ ሌላ ሦስት ተራ ይፈጅባቸዋል። በሰባተኛው ተራ እንደገና ተጭነው ይነሡና በዘጠነኛው ሌላ 9 አሃድ ያደርሳሉ። በስድስት ተራ 9 አሃድ ማለት በአማካይ በተራ አንድ አሃድ ተኩል ነው። በቅብብሎሹ ግን የመጀመሪያዎቹ 3 አሃዶች በመጀመሪያው ተራ ይደርሳሉ። በሁለተኛው ተራ እያንዳንዱ መርከብ አራት ካሬ ወደ ኋላ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል፤ በሦስተኛው ተራ ሌሎች 3 ይሻገራሉ፤ እንዲህ እያለ አንድ ተራ እየዘለለ ይቀጥላል። በሁለት ተራ 3 አሃድ ማለት እሱም በተራ አንድ አሃድ ተኩል ነው። መርከቦቹ ያው ናቸው፣ ባሕሩም ያው ነው፤ እያንዳንዱ ጋሊዮን የሄደውን ያህል ባዶውን መመለሱ ስለማይቀር የዕቃው ብዛት አይለወጥም።

እንዲያውም በሦስተኛው ተራ መጨረሻ ላይ ቆመው ቢቆጥሩ ቅፍለቱ 9፣ ቅብብሎሹ 6 አድርሰዋል። በዘጠነኛውም ላይ ቅፍለቱ 18፣ ቅብብሎሹ 15 ናቸው። ጦርዎ ሁሉ ተዘጋጅቶ በወደብ ላይ ተከማችቶ የሚጠብቅ ከሆነና በአንድ ጊዜ ጠላት ዳርቻ ላይ ለመጣል ካሰቡ፣ ቅፍለቱን ይምረጡ። ሦስት ሦስት እያሉ የሚወርዱ ወታደሮች ለተከላካዩ የሚመቹ ናቸውና የመጀመሪያው ማረፊያ በብዛት መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ጦርነት ከመጀመሪያው ማረፊያ በኋላ ይቀጥላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጦር ደግሞ በአንድ ቀን አይዘጋጅም። ከተሞችዎ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት እያደረጉ ያወጡታል። ቅፍለቱ በተነሣ ማግስት፣ በሁለተኛው ተራ፣ አንድ መድፍ ከወደብዎ ቢወጣ መርከቦቹ እስኪመለሱ ጠብቆ የሚደርሰው በዘጠነኛው ተራ ነው። በቅብብሎሹ ግን በሦስተኛው ተራ ግንባር ላይ ይሆናል። ግንባሩ ላይ የቆሰለው ጦር እስኪያገግም ከተማዋን የሚጠብቅ አንድ እግረኛ ሲያስፈልግዎ፣ የስድስት ተራ ልዩነት ከተማዋን በማቆየትና በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሁለቱን ማፈራረቅ ይሻላል። የመጀመሪያውን ጦር በቅፍለት ያድርሱ፤ መርከቦቹ ባዷቸውን ሲመለሱ ግን ሁሉንም ወደ ወደብ አይሰብስቡ። አንዱን ከግንባሩ አራት ካሬ ላይ፣ ሌላውን ስምንት ካሬ ላይ ያቁሙና ሦስተኛው ብቻ ወደብ ይግባ። ተጨማሪ ጦር ሲያስፈልግ ሰልፉ በቦታው ተዘርግቶ ይጠብቅዎታል።

መርከብ ከበዛልዎ ሌላ አሰላለፍም አለ፤ እኔ የምወደውም እሱን ነው። ስድስት ጋሊዮኖችን በየሁለት ካሬው ያቁሙ። እያንዳንዱ ሁለት ካሬ ወደፊት ሄዶ ያስረክባል፤ በቀረው ሁለት እርምጃ ደግሞ በዚያው ተራ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሰልፉ በየተራው መጨረሻ ላይ እንዳለ ስለሚገኝ በየተራው 3 አሃድ ያሻግራል፤ የትኛው መርከብ የት እንደቀረ እያሰቡ መጨነቅም አይኖርም። ለዚህ አሰላለፍ ጥንድ የሆነ የእርምጃ ቁጥር ይመቻል። አምስት እርምጃ ያለው መርከብ ሁለት ሄዶ ሁለት ሲመለስ አንዱ እርምጃ ይባክናል፤ ስድስት ያለው ግን በየሦስት ካሬው መቆም ይችላል።

አፈጻጸሙ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። መርከቦቹን ማንቀሳቀስ የሚገባው ከወደቡ ጀምሮ ወደ ግንባሩ በቅደም ተከተል ነው። ተቀባዩ መርከብ አስቀድሞ ከተንቀሳቀሰ እርምጃው ያልቅና ሰልፉ እዚያ ላይ ይቆረጣል። መርከቦቹን በራስ-ሰር ጉዞ ላይ የተዉ እንደሆነ ተራው ሲጀምር ያለ እርስዎ ፈቃድ ሊሄዱ ስለሚችሉ፣ በሰልፍ ላይ ያሉትን ሁሉ በቦታቸው እንዲያርፉ ያድርጓቸው።

ጥያቄ፦ ቅብብሎሹን እጠቀማለሁ፤ ነገር ግን ባዶዎቹ ጋሊዮኖች በየባሕሩ ተበትነው ሲቆሙ ፍሪጌት የተባሉት የጠላት የጦር መርከቦች አንድ በአንድ ይለቅሟቸዋል። ተሰብስበው ከአጃቢ ጋር ቢጓዙ አይሻልም?
የባሕር ላይ ተሸናፊ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ስምዎን ገና ባይወስኑት ደስ ይለናል። የሚደርስብዎ ኪሳራ እውነተኛ ነው፤ ግን ከሌላው ኪሳራ ጋር ሊመዘን ይገባል። የጋሊዮን ኃይል 4፣ የፍሪጌት ደግሞ 8 ስለሆነ፣ ያለ አጃቢ በባሕር ላይ የተገኘ ጋሊዮን ከፍሪጌት ፊት የመትረፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። በዚህ ጨዋታ መርከብ ሲሰጥም በውስጡ ያለው ጦር ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ባዶ ጋሊዮን ቢሰጥም የሚያጡት መርከቡን ብቻ ነው፤ የተጫነ ጋሊዮን ቢሰጥም ግን ሦስት አሃድ ጭምር፣ ከነልምዳቸው፣ ያጣሉ። የቅብብሎሽ ትልቁ ጥቅምም እዚህ ላይ ነው፤ ወታደሮቹ ተራቸውን የሚጀምሩት በወደብ ነው፣ የሚጨርሱትም በወደብ ነው፤ ጠላት በሚንቀሳቀስበት ጊዜ በባሕር ላይ አይገኙም። የሦስት ተራ ቅፍለት ግን ሁለት ጊዜ ጦር እንደጫነ በባሕር ላይ ያድራል።

ቅፍለት ከመረጡ አጃቢው ከተጫኑት መርከቦች ጋር በአንድ ካሬ ላይ መሆን አለበት። ጠላት ያንን ካሬ ሲያጠቃ የሚመክተው ከመካከላቸው የተሻለው መርከብ ስለሆነ ፍሪጌቱ ለጋሊዮኖቹ ጋሻ ይሆናል። አንድ ካሬ ቀድሞ የሚሄድ ፍሪጌት ባሕሩን ለማየት እንጂ ለመከላከል አይጠቅምም። የጠላት መርከብ ብዛት ከእርስዎ አጃቢ ብዛት ከበለጠ ደግሞ እያንዳንዱ ውጊያ አጃቢውን እያቆሰለው ይሄዳልና በአንድ ፍሪጌት ላይ መተማመን አይገባም።

በቅብብሎሹ ውስጥ ለሚቆሙት ባዶ መርከቦች ያለኝ ምክር አጭር ነው። ከተቻለ በራስዎ ከተማ ወይም በራስዎ ዳርቻ አጠገብ እንዲያድሩ ቦታቸውን ይምረጡ፤ በመሐል ባሕር መቆም ለሚገባው ብቻ አንድ ፍሪጌት ይመድቡለት። በመካከሉ ደሴት ካለ፣ ለእርሻም ሆነ ለማዕድን የማይረባ ቢሆን እንኳ ከተማ ቢመሠርቱበት ለሰልፉ ማረፊያ ይሆናል። ከተማው የሚያስከትለውን የጥገና ወጪ እያሰቡ የሚያመነቱ ተጫዋቾች አሉ፤ በረጅም ጦርነት ላይ ግን የአንዲት ድንክ ከተማ ወጪ ከሁለት ጋሊዮን ኪሳራ ያንሳል። ያቺ ከተማ በጠላት እጅ ብትወድቅ በውስጧ ያሉት መርከቦች አብረው እንደሚጠፉ ግን አይርሱ፤ ሳይጠበቅ የተተወ ማረፊያ ከባሕሩ የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ ጦሬን ከመርከብ ባወረድኩ ቁጥር በዚያው ተራ ማጥቃት አልችልም፤ በማግስቱ ደግሞ ግማሹ ተገድሎ አገኘዋለሁ። በቀጥታ ከመርከቡ ላይ ሆኜ ከተማውን ባጠቃስ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ በባሕር ላይ ካለ መርከብ በቀጥታ ወደ የብስ የሚወርድ አሃድ በዚያ ተራ ያለውን እርምጃ ሁሉ ይጨርሳል። ፈረሰኛም ሆነ እግረኛ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የጠላት ተራ ከእርስዎ ጥቃት ይቀድማል፤ ማረፊያው የሚመረጠውም ይህን አንድ ተራ ለመቋቋም ነው። ደን 50 በመቶ፣ ኮረብታ 25 በመቶ የመከላከያ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ ያሉበት ካሬ ከተገኘ ከዚያ የተሻለ አይፈለግ። ከከተማው ጋር የሚያዋስነው ካሬ በወንዝ ከተለየ ግን በማግስቱ ሲያጠቁ የወንዝ መሻገር ቅጣት ስለሚያገኝዎ አንድ ካሬ ዞር ብሎ መውረዱ ይሻላል። ከሚያጠቁት ጦር ጋር የሚከላከል ጦርም ያውርዱ። መድፍና ካታፑልት ብቻ ተጭኖ የወረደ ጓድ ለማንኛውም አላፊ ፈረሰኛ ምሳ ነው።

ከመርከብ በቀጥታ ማጥቃትን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን አጥቂው ከባድ ቅጣት ይጣልበታል። ቅጣቱን የሚያስቀረው አምፊቢየስ የተባለው ዕድገት፣ ማለትም አሃዱ በልምዱ የሚያገኘው ችሎታ፣ ነው፤ ይህንንም የሚያገኘው ኮምባት 2 የተባለውን ዕድገት አስቀድሞ የወሰደ አሃድ ነው። የቫይኪንጎቹ በርሰርከርና በኋለኛው ዘመን የሚመጣው ማሪን ዕድገቱን ይዘው ይፈጠራሉ። እነዚህ ካሉዎት ያለ ማረፊያ፣ ከመርከቡ ተነሥተው ከተማውን መያዝ ይችላሉ። ከሌሉዎት ግን ቅጣቱን ተቀብሎ ማጥቃት የሚያዋጣው ከተማው በአንድ ደካማ ጠባቂ ብቻ ሲጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ከተማ ደግሞ ከሚገመተው በላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ይህም ወደ ሌላ ነጥብ ያደርሰናል። በባሕር ላይ ያለ ጦር ከአንድ በላይ ከተማ ሊያስፈራራ ይችላል። ጋሊዮን በተራ አራት ካሬ ስለሚሄድ፣ ሦስት የወደብ ከተሞችን ሁሉ ሊደርስባቸው ከሚችልበት ቦታ ላይ የቆመ ቅፍለት ጠላቱን ጦሩን በሦስት እንዲከፍል ያስገድደዋል። ከሰው ጋር ሲጫወቱ በተለይ፣ ሳይወርዱ አንድ ተራ መቆየት ከመውረዱ ይበልጥ የሚጎዳው ጊዜ አለ፤ ተጋጣሚዎ ጦሩን ወደ አንዱ ከተማ ሲያዞር እርስዎ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ይህን የሚያደርጉት ግን ባሕሩ የእርስዎ ከሆነ ብቻ ነው፤ ከላይ ስለ ፍሪጌቶች የተባለው ሁሉ እዚህም ይሠራል።

የመጀመሪያዋ የወደብ ከተማ ከተያዘች በኋላ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። መርከብ ከተማ ውስጥ ገብቶ የሚያወርደው ጦር እርምጃው አይነካበትም። ስለዚህ በቅብብሎሽ ከአገርዎ የተነሣ ፈረሰኛ ባሕሩን ተሻግሮ፣ በተያዘችው ከተማ ወርዶ፣ በዚያው ተራ ከከተማዋ ወጥቶ ሊያጠቃ ይችላል። ጠላትዎ በተራው መጨረሻ ላይ በግንባሩ ያየው ጦርና በማግስቱ የሚገጥመው ጦር አንድ አይሆኑም። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያዋን ዒላማ ሲመርጡ ሀብታሟን ከተማ ሳይሆን ለወደብዎ የምትቀርበውንና በቀላሉ የምትያዘውን መምረጥ ይገባል። ርቀቱን ሲቆጥሩ ደግሞ በሰያፍ የሚደረግ ጉዞ ከቀጥታው እኩል እንደሚቆጠር ያስታውሱ፤ በካርታው ላይ በዓይን ሩቅ የሚመስል ወደብ በካሬ ሲቆጠር ቅርብ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ በዘርዐ ያዕቆብ የምትመራውን ኢትዮጵያን ይዤ መጫወት እወዳለሁ። ለባሕር ዘመቻ የሚጠቅም ነገር አላት ወይስ የየብስ አገር ብቻ ናት?
ከጎንደር

መልስ፦ ኢትዮጵያ የገባችው በቢዮንድ ዘ ሶርድ ማስፋፊያ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የተሰጡት ሁለት ባሕርያት ፈጣሪነትና አደራጅነት ናቸው፤ ልዩ ሕንፃዋ ሐውልቱ፣ ልዩ ተዋጊዋ ደግሞ ሙስኬት ታጣቂውን የሚተካው የኦሮሞ ተዋጊ ነው። ለባሕር ተብሎ የተሰጣት ነገር የለም፤ በተዘዋዋሪ የሚጠቅማት ግን አለ።

በጥንቱ ዘመን ያለችው ማጓጓዣ ጋሊ ናት። ጋሊ 2 አሃድ ትጭናለች፣ በተራ 2 ካሬ ትሄዳለች፣ ወደ ጥልቁ ውቅያኖስ ግን አትገባም። ከዚህ ደንብ የሚወጣው በራስዎ የባህል ድንበር ውስጥ ያለ ውቅያኖስ ነው፤ እዚያ ጋሊም ትገባለች። የፈጣሪነት ባሕርይ ለእያንዳንዱ ከተማ በየተራው ባህል ስለሚጨምር፣ ሐውልቱም የከተማውን ባህል ስለሚያሳድግ፣ የዳርቻ ከተሞችዎ ድንበር ወደ ባሕሩ በፍጥነት ይሰፋል። በሁለት ዳርቻዎች መካከል አንድ ወይም ሁለት ካሬ ጥልቅ ባሕር ብቻ በሚለይበት ቦታ ላይ ሌላው ተጫዋች ጋሊዮን የሚያስገኘው አስትሮኖሚ የተባለው ዕውቀት እስኪደርስ ሲጠብቅ እርስዎ ድንበርዎን አስፍተው በጋሊ ሊሻገሩ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ቦታ በየካርታው አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ጨዋታውን የሚወስን ነው። የአደራጅነት ባሕርይ የመብራት ቤትን ግንባታ ያፋጥናል፤ እሱ ግን የሚጠቅመው ለምግብ ነው እንጂ መርከብ አያፈጥንም።

የኦሮሞ ተዋጊ ድሪል 1ና ድሪል 2 የተባሉትን ዕድገቶች ይዞ ይወጣል፤ የጠላት ቀዳሚ ምትም አይነካውም። ጋሊዮን በሚመጣበት ዘመን አካባቢ ስለሚገኝ አብረው ይሄዳሉ። የተሰጡት ዕድገቶች ግን የድሪል እንጂ የኮምባት ስላልሆኑ አምፊቢየስን ለማግኘት ከሥር መጀመር አለበት። ስለዚህ ከመርከብ ላይ አጥቂ ከማድረግ ይልቅ ደን ላይ አውርደው መድፎቹን እንዲጠብቅ ያድርጉት፤ ያችን የመጀመሪያ አስቸጋሪ ተራ በመመከት ረገድ በዘመኑ ካሉት እግረኞች ከእሱ የሚሻል ጥቂት ነው።

ከጋሊ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር። ጋሊ ወደ ጋሊዮን በገንዘብ ትሻሻላለች። አስትሮኖሚ ከመገኘቱ በፊት በርካሽ ጋሊዎችን ሠርቶ ወርቅ ያጠራቀመ ተጫዋች ዕውቀቱ በተገኘበት ተራ መርከበኛ ኃይል ይኖረዋል። ካራቬል ግን፣ ውቅያኖስ ቢያቋርጥም፣ ሰላይና ሚስዮናዊ የመሳሰሉትን እንጂ የታጠቀ ጦር ስለማይጭን ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጥያቄ፦ የመርከቦቼን ፍጥነት የምጨምርበት መንገድ አለ?
ሁለት አንባቢያን፣ ከሐዋሳና ከደሴ

መልስ፦ ዋናው ዓለምን መዞር ነው። ቀድሞ ዓለምን የዞረ ሥልጣኔ የባሕር ኃይሉ ሁሉ ለዘለቄታው አንድ እርምጃ ይጨመርለታል። ካራቬልን የሚያስገኘው ኦፕቲክስ የተባለው ዕውቀት እንደተገኘ ሁለት ካራቬል ሠርተው አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ ይላኩ፤ ካራቬል ያለ ስምምነት የሌላውን ድንበር ማቋረጥ ስለሚችል መንገድ አይዘጋበትም። ይህ ሽልማት ለአንድ ሥልጣኔ ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ መዘግየት አይገባም። ቅብብሎሽ ለሚጠቀም ሰው ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ አምስት እርምጃ ያለው የኋለኛው ዘመን ትራንስፖርት መርከብ ስድስት ይሆንለታል፤ ትራንስፖርቱ 4 አሃድ ስለሚጭን፣ በመጀመሪያው ጠያቂያችን 12 ካሬ ባሕር ላይ በየሦስት ካሬው የቆሙ አራት መርከቦች በየተራው 4 አሃድ ያሻግራሉ።

ከዚህ ሌላ ናቪጌሽን የተባለው ዕድገት ለወሰደው መርከብ አንድ እርምጃ ይጨምርለታል። የመርከብ ማደሻ ያለው ከተማ ለሚያወጣቸው መርከቦች የልምድ ነጥብ ስለሚሰጥ ዕድገቶቹን ያቀርባል፤ ሥራውንም በግማሽ ያፋጥናል። በሰልፉ ውስጥ ፈጣንና ዘገምተኛ መርከቦችን ሲያቀላቅሉ ግን ርቀቱን እንደየፍጥነታቸው ማከፋፈል ያስፈልጋል፤ ያለበለዚያ ፈጣኑ ቆሞ ዘገምተኛውን ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ በሁለት ባሕር መካከል ያለች አንዲት ካሬ የብስ መርከቦቼን አሥር ካሬ ታዞራቸዋለች። መላ ይኖራት ይሆን?
ከድሬዳዋ

መልስ፦ አላት። ካሬዋ የእርስዎ ከሆነች ከተማ ይመሥርቱባት፤ መርከቦች በከተማው በኩል ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ያልፋሉ። ለከተማ የማይመች ቦታ ከሆነ በቢዮንድ ዘ ሶርድ ውስጥ ሠራተኛ የሚሠራው ምሽግ ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻው ዘመን በአውሮፕላን ማጓጓዝ እያለ ስለ መርከብ ቅብብሎሽ መጨነቅ ለምን አስፈለገ?
ከሃይፋ

መልስ፦ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ከተማ በተራ የሚያሻግረው አንድ አሃድ ብቻ ነው። አንድ ባለ አራት ትራንስፖርት ሰልፍ የሚያደርሰውን ለማድረስ አራት ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ ሊኖራቸው ይገባል። የሚወርደውም ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ በማዶ ገና ከተማ ለሌለው ሰው አይጠቅምም። በሌላ በኩል በመሐል አገር ያለ፣ ከወደብ የራቀ ከተማ የሚያወጣው ጦር ለመርከብ ሲል ሁለትና ሦስት ተራ በየብስ እንዳይጓዝ ያደርጋል። ስለዚህ ማረፊያዎቹን በመሐል አገር ከተሞች ይሥሩ፤ የዳርቻ ከተሞችዎ ጦር ደግሞ በመርከብ ይሂድ።